የሁለት መቶ ብር ቤንዚን

አንድን ሰው ሌባ ብያለሁ። በደጁ፣ በጎረቤቶቹ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሰውየው ሌባ አልነበሩም። ነገሩ ኑዛዜ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወደ ንስሐ አባቴ እሄድ ነበር። ጋዜጣ ላይ ያወጣሁት፣ የእኔ ስሕተት የእኔ ብቻ ስላልሆነ ነው።

ይኸውላችሁ፤ አሰላ የሚኖር የእህቴ ልጅ አለ። በየገጠሩ ገበያ እየዞረ የእንስሳት መድኃኒት የሚሸጥ፣ እንጀራው በሁለት ጎማ ላይ የቆመ ወጣት ነው። በየካቲት 2017 ዓ.ም. እቁብ ሲወጣለት፣ ከእኔም ተበድሮ ጨማመረና አንድ ያገለገለ ባለ 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል ገዛ። ሻጩ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸው ጡረተኛ ናቸው። ሲሸጡለት፣ “በሁለት መቶ ብር ቤንዚን ቦቆጂ ደርሼ እመለስበት ነበር” አሉት። ልጁም በሦስተኛው ቀን የሁለት መቶ ብር ቤንዚን አስሞላና ተነሣ። እንኳን ሊመለስ፣ ቦቆጂም ሳይደርስ ሞተሩ ቀጥ አለ። መድኃኒቱን እንደተሸከመ ሲገፋ ዋለ።

ከዚያ በኋላ ያልመረመረ ሰው የለም። መካኒኩ “ካንዴላው ነው” አለ፤ ካንዴላው ተቀየረ። በሳምንቱ አዲሱም ጥላሸት ለበሰ። “እንግዲያው ካርቡሬተሩ ነው፣ አርጅቷል” አለ፤ እሱም ተቀየረ። ይባስ ብሎ ሞተሩ ይጠጣ ጀመር። “ፋሻው አልቋል፣ ሞተሩ ወርዶ ይፈታ” ሲል ግን የልጁ ገንዘብ ቀድሞ አልቆ ነበር። ጓደኞቹ ደግሞ “ማደያው ኬሮሲን እየቀላቀለ ነው” አሉ። እህቴ “ዓይን ነው” አለች። እኔስ? ስንት ዓመት ሙሉ ተማሪዎቼን “ማስረጃህ የታለ?” እያልኩ ቀይ እስክሪብቶ የጨረስኩት ሰውዬ ምን አልኩ? “ሽማግሌው አታለሉህ!” አልኩ።

ሄድን። ሦስት ሽማግሌ ይዘን ነው የሄድነው። ሰውየው በልጆቻቸው ማሉ። እኔ “ሌባ መቼ መሐላ አጥቶ ያውቃል?” አልኳቸው። ጎረቤት ወጥቶ አየ። ብር አልመለሱም፤ እኛም አፋችንን ሞልተን ሰደብናቸውና ተመለስን። ልጁ በዚያው ሰሞን ሞተሩን ለሌላ ሰው ሊሸጠው አሰበ፤ ነገሩን ደብቆ። “እኔንም እንዲሁ አይደል ያደረጉኝ?” አለኝ። አልተቆጣሁትም። ከሁሉም የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው።

ያዳነን የቴክኒክ ትምህርት አስተማሪ የሆነ አንድ ጎረቤቱ ነው። አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ “በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?” ዝም አልን። ካንዴላ ቀይረናል፣ ካርቡሬተር ቀይረናል፣ ሰው አዋርደናል፤ ይህቺን አንዲት ቁጥር ግን ከመካከላችን የሚያውቃት አልነበረም።

አለካኩ የሕፃን ሥራ ነው። ሞተሩን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሞ ሰልባቲዮውን እስከ አንገቱ መሙላት፣ ቆጣሪው ላይ ያለውን ቁጥር መጻፍ፣ እንደወትሮው ሁለት ሦስት ቀን መንዳት፣ ከዚያ እዚያው ልክ ድረስ እንደገና መሙላትና የሄዱበትን ኪሎ ሜትር በገባው ሊትር ማካፈል። 132 ኪሎ ሜትር፣ 5.5 ሊትር። በሊትር 24 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ደኅና ከሆነ ከ40 በላይ መሄድ አለበት። ስለዚህ በሽታ አለ። ግን የት?

አስተማሪው ሞተሩን በመቆሚያው ላይ ሰቀለና የኋላውን ጎማ በእጁ ገፋው። ግማሽ ዙር ሳይሞላ ቆመ። ፍሬኑ ይዞት ነበር። ማን አጠበቀው? የእህቴ ልጅ ራሱ! በገዛው ማግሥት ቁልቁለት ፈርቶ፣ በገዛ እጁ። ፍሬኑ ላላ ሲል በሊትር 35 ገባ። ቀጥሎ የአየር ማጣሪያው ተከፈተ፤ አቧራ ጠጥቶ ታፍኗል፤ ጸዳ። የጎማው ነፋስም ተስተካከለ። በመጨረሻ አዲሱ ካርቡሬተር። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ለቆላ አየር የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ለሳሳው አየር የማይመጥን ብዙ ቤንዚን ይሰጣል፤ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ካንዴላው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ካንዴላው ምስክር ነበር እንጂ ጥፋተኛ አልነበረም፤ እኛ ምስክሩን አውጥተን ጣልነው። የካርቡሬተሩ መርፌ አንድ ደረጃ ዝቅ ሲል ሞተሩ በሊትር 43 ኪሎ ሜትር ሄደ።

የሽማግሌውስ “ሁለት መቶ ብር”? እሱንም አሰላነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር፤ ሁለት መቶ ብር ከአራት ሊትር በላይ ይገዛል። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ሊትሩ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሲገባ ያው ሁለት መቶ ብር ሁለት ሊትር እንኳ አልሞላ አለ። ሰውየው ሞተሩ ላይ በደንብ ይወጡበት የነበረበትን ዘመን ነበር የሚነግሩን፤ እውነታቸውን ነው። ቤንዚን በሊትር እየተቀዳ በብር የምንቆጥር ስለሆንን፣ ዋጋው የበላውን ሁሉ ሞተሩ ጠጣው ብለን ተናገርን።

ይቅርታ ልንጠይቅ ሄድን። ቡና አስፈሉልን። አሮጌውን ካርቡሬተር ለአሰላ አየር አስተካክለውት እንደነበር ነገሩን፤ እኛ የጣልነውን ማለት ነው። “መጥታችሁ ብትጠይቁኝ ይህን ሁሉ እነግራችሁ ነበር፤ እናንተ ግን ብሬን ነው የጠየቃችሁኝ” አሉ። መልስ አልነበረኝም፤ አሁንም የለኝም።

እንግዲህ ጠቡ እዚህ ላይ ነው። እኛ አንድ ነገር ሲበላሽ የመጀመሪያው ጥያቄያችን “ምን ሆነ?” አይደለም፤ “ስንት?”ም አይደለም። “ማን?” ነው። ማን ሰረቀ፣ ማን ቀላቀለ፣ ማን አሴረ። ቅኔ የወለደን ሕዝብ ነንና ወርቁን እንፈልጋለን፤ ጥሩ። ግን የቅኔ ተማሪ ሰሙን ሳያይ ወርቅ አያወጣም። የእኛ ሰም የኋላ ጎማው ነበር፤ በእጅ የሚነካ፣ ሲነኩት የሚያቃጥል። ማን ነካው?

በሞተር ሳይክል ብቻ የቀረ አይምሰላችሁ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በጥር 2015 ሲገለጽ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። አገር ጮኸ። አንዱ መምህሩን፣ አንዱ ወላጁን፣ አንዱ ፈታኙን ያዘ። ልጆቹ በየትኛው ክፍል፣ ምን ማንበብ ሲያቅታቸው ወደኋላ እንደቀሩ ቁጭ ብሎ የጠየቀው ግን ጥቂት ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ! ጩኸቱ ካንዴላ መቀየር ነበር።

“ሌባ ሻጭ የለም ወይ? የሚቀላቅል ማደያስ?” የሚለኝ አይጠፋም። አለ እንጂ! ስላለ ነው መለካት ያለብን። ቁጥር የሌለው ከሳሽ ለእውነተኛው ሌባ ሲሳይ ነው፤ “ይመስለኛል” ሲለው “አይመስለኝም” ብሎ ያሰናብተዋል። “ድሃ ለመለካት ጊዜ የለውም” የሚለኝም አለ። አንድ ብጣሽ ወረቀትና እስክሪብቶ ነው የፈጀብን። ግምቱ የፈጀው ግን ካንዴላ፣ ካርቡሬተር፣ የስንት ቀን ገበያና የአንድ ሽማግሌ ስም ነው። ድሃ መገመት ነው የማይችለው።

አባቶቻችን “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ብለዋል። የእህቴ ልጅ ሞተሩን አልሸጠውም። ሰልባቲዮው ላይ ትንሽ ደብተር በላስቲክ አስሮ ይዞራል፤ ሲያስሞላም “የስንት ብር?” ሲሉት “ሦስት ሊትር” ይላል። እኔም ወደ ሽማግሌው ሰፈር ተመልሼ መሄድ አለብኝ። ሌባ ያልኳቸው በጎረቤቶቻቸው ፊት ነበር፤ ይቅርታ የጠየቅኳቸው ግን ቤታቸው ገብቼ፣ በሩ ተዘግቶ ነው። ይኼ ሒሳብ ገና አልተካካሰም።