የቆጡን ለማውረድ



አምና እናቴ ከበር መቃን ጋር መጋጨት ጀመረች። አንዴ ትከሻዋን፣ አንዴ ክርኗን ትመታለች። «እርጅና ነው» እያለች ትስቅ ነበር። የዓይን ሐኪሟ ግን አልሳቁም። እናቴ ፊት ለፊት ያለውን ታያለች፤ በግራና በቀኝ ያለው ጠፍቶባታል። ኤምአርአይ ስትነሳ፣ ከአንጎል ሥር ባለችው ፒቱታሪ በምትባል ዕጢ ላይ እባጭ ተገኘ። ካንሰር አይደለም። ነገር ግን ከበላዩ ያሉትን የዓይን ነርቮች ተጭኗቸዋል።

«በአፍንጫ በኩል ገብተን እናወጣዋለን» አሉ ቀዶ ሐኪሙ። ሆስፒታሉ በስልክ ያገናኘን አስተርጓሚ ሁሉንም በደንብ ተረጎመ። እናቴ ሰማች፤ ፈረመች። ማታ ቤት ስንገባ ግን ወደ እኔ ዞረች።

«ልጄ፣ በአፍንጫዬ ገብተው ጭንቅላቴን ሊሰብሩት ነው እንዴ?»

እኔ የሶፍትዌር መሐንዲስ ነኝ። ሁለተኛ ዲግሪዬን የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው። ሐኪሙ ያሉት ገብቶኛል፤ በአማርኛ ልናገረው ስል ግን ቃል ጠፋኝ። «ስፊኖይድ ሳይነስ» ብላት ምን ይጠቅማታል? ስለዚህ በምታውቀው ነገር፣ በቤት መሰልኩላት።

«እማዬ፣ አፍንጫሽ ኮሪደር ነው እንበል። ከኮሪደሩ ጀርባ አየር ብቻ ያለበት ጓዳ አለ። እባጩ ያለው ከጓዳው በላይ፣ ቆጡ ላይ ነው። ወደ ቆጡ የሚወጡት በጓዳው አልፈው ነው።»

እናቴ ፈገግ አለች። «የቆጡን አወርድ ብለው የብብቴን እንዳይጥሉብኝ!»

ተረቱን ታውቁታላችሁ? ከላይ ያለውን ለማውረድ እጇን ስትዘረጋ በብብቷ የያዘችውን የጣለች ሴት ተረት ነው። እናቴ የፈራችው የቀረውን የዓይን ብርሃኗን እንዳታጣ ነበር። ፍርሃቷ ትክክል ነው። የሐኪሞቹም ጥንቃቄ ሁሉ ለዚሁ ነው።

የጓዳው ስም ስፊኖይድ ነው። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ሽብልቅ የሚመስል» ማለት ነው። ሽብልቅ እንጨት ሲፈለጥ ስንጥቁ ውስጥ የሚገባው ሹል ነገር ነው። አጥንቱም በሌሎች የራስ ቅል አጥንቶች መካከል እንዲሁ ገብቶ ይገኛል።

ጓዳው የራሱ በር አለው፤ ጥቂት ሚሊሜትር የምትሆን ቀዳዳ ናት። ሐኪሙ 4 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለው ኢንዶስኮፕ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ዘንግ፣ በአፍንጫ ያስገባል። መጀመሪያ አፍንጫና ጉሮሮ የሚገናኙበትን ቦታ ይፈልጋል። ከዚያ ከ1 እስከ 1.5 ሴንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ይወጣል። አፍንጫን ለሁለት በሚከፍለው ግድግዳና ተርቢኔት በሚባለው የላይኛው የአጥንት እጥፋት መካከል በሯን ያገኛታል።

ቀጥሎ በሯን ያሰፋታል፤ ወደ ታችና ወደ መሀል። ወደ ላይና ወደ ጎን መሄድ ያስፈራል፤ የዓይን ነርቭና ካሮቲድ የሚባለው፣ ወደ አንጎል ደም የሚወስደው ትልቅ የደም ሥር በዚያ በኩል ናቸው። የሚሸፍናቸው አጥንት አንዳንዴ እንደ ወረቀት የሳሳ ነው። ወደ ታችም ቢሆን ልክ አለው፤ ከበሯ ሥር የምታልፍ ትንሽ የደም ሥር ከተነካች ትደማለች።

ጓዳው ውስጥም ክፍሉን ለሁለት የሚከፍል ስስ ግድግዳ አለ። ብዙ ጊዜ መሀል ላይ አይደለም። አንዳንዴ ካሮቲዱን በሸፈነው አጥንት ላይ ያርፋል። ግድግዳው ተጠምዝዞ ቢነቀል የደም ሥሩ ሊቀደድ ይችላል፤ ስለዚህ በጥቂት በጥቂቱ ይቆረጣል። አስቀድሞ ሲቲ ስካን የሚነሳውም ለዚህ ነው፤ የሁለት ሰው ጓዳ አንድ ዓይነት አይደለም። እኔም ሌላ ሰው የጻፈውን አሮጌ ኮድ ስነካ የምፈራው ይህንኑ ነው፤ ከምን ጋር እንደተያያዘ ሳላውቅ መንቀል።

«በእኔ ሊለማመዱ ነው?» አለች እናቴ በመጨረሻ። አይደለም። ኸርማን ሽሎፈር የተባለ ሐኪም ኦስትሪያ ውስጥ በኢንስብሩክ ከተማ በአፍንጫ በኩል ወደዚች ዕጢ የደረሰው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1907 ነው። ያኔ አፍንጫውን ከውጭ ቀዶ ወደ ጎን መገልበጥ ነበረበት። ዛሬ ፊት ላይ ጠባሳ አይቀርም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ መናፈጥ ለተወሰነ ጊዜ ተከለከለች፤ ካስነጠሳትም አፏን ከፍታ። ከአፍንጫዋ እንደ ውሃ የጠራ ፈሳሽ ከተንጠባጠበ ወዲያው እንድንደውል ተነገረን፤ አንጎልን የከበበው ፈሳሽ ሊሆን ይችላልና።

በሦስተኛው ቀን ሻይ ይዤ በግራዋ በኩል ቀስ ብዬ ገባሁ። ፊቷን ሳታዞር፣ «ስኳር አደረግህበት?» አለችኝ።

ወላጆቻችሁ ሆስፒታል ሲገቡ አስተርጓሚ ጠይቁላቸው፤ ፊርማ ያለበት ነገር በግምት አይተረጎምም። ማታ ቤት የሚመጣው ጥያቄ ግን የእናንተ ነው። ቃሉ ቢጠፋችሁ አትፈሩ፤ ከጓዳው ጀምሩ።