የደም ዓይነት ከደም በፊት

ካርል ላንድሽታይነር እ.ኤ.አ. በ1901 በቪየና የሰውን ደም በዓይነት ከፋፍሎ ካሳየ ወዲህ፣ ኤ እና ቢ የተባሉት አንቲጂኖች፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ሥርዓት ለይቶ የሚያውቃቸውና አንቲቦዲ የሚያመርትባቸው ምልክቶች፣ የደም ንብረት ተደርገው ሲታዩ ኖረዋል። ደም መለገስ የብዙ ሰው ሕይወት የሚያድን ሥራ በመሆኑ ይህ አመለካከት መስፋፋቱ አያስደንቅም፤ ይሁን እንጂ አንቲጂኖቹ ከየት መጡ፣ ለምንስ ኖሩ ለሚለው ጥያቄ መልሱን ከደም መፈለግ ያሳስታል። የፅንስ እድገትም ሆነ የእንስሳት ዝግመተ ለውጥ የሚያመለክተው፣ እነዚህ ምልክቶች ቀድሞ የሕብረ ሕዋሳት፣ በተለይም ከውጭው ዓለም ጋር የሚገናኙት ሽፋኖች ንብረት እንደነበሩና ወደ ቀይ የደም ሕዋስ የደረሱት ዘግይተው መሆኑን ነው።

አንቲጂኖቹ በሕዋስ ገጽ ላይ ከፕሮቲን ወይም ከስብ ጋር ተያይዘው ወደ ውጭ የሚዘረጉ የስኳር ሰንሰለቶች ናቸው። በሰንሰለቱ ጫፍ ፉኮስ የተባለ ስኳር ሲያያዝ ኤች የሚባለው መሠረት ይገኛል፤ በዚህ ላይ ኤን-አሴቲልጋላክቶሳሚን ሲጨመር ኤ፣ ጋላክቶስ ሲጨመር ቢ፣ ምንም ሳይጨመር ሲቀር ደግሞ ኦ ይሆናል። ጂን ስኳርን በቀጥታ ስለማይሠራ፣ የሚያዘው ስኳሩን የሚያያይዘውን ኢንዛይም ነው፤ የኤ እና የቢ ኢንዛይሞች ዋነኛ ልዩነት ደግሞ አራት አሚኖ አሲዶች ብቻ ሲሆኑ፣ በአብዛኞቹ የኦ ሰዎች ዘንድ ከጂኑ አንዲት የዲኤንኤ ፊደል በመጉደሏ ኢንዛይሙ ሥራ ፈት ሆኗል። እንዲህ በትንሽ ለውጥ የሕዋሱን ገጽታ መቀየር መቻሉ ቀጥሎ ለሚነሳው ሁሉ መነሻ ነው።

አሮን ሹልማን በ1960ዎቹ የሰው ፅንስ ሕብረ ሕዋሳትን በአንቲቦዲ እየመረመረ እንዳሳየው፣ የኤ፣ የቢ እና የኤች አንቲጂኖች በለጋው ፅንስ የደም ሥሮችን የውስጥ ገጽና አብዛኞቹን የአካል ሽፋኖች በስፋት ይሸፍናሉ፤ የአካል ክፍሎች ብስለት እያገኙና የየራሳቸውን ሥራ እየያዙ ሲሄዱ ግን ከብዙዎቹ ሽፋኖች ያፈገፍጋሉ፣ ንፍጥ በሚያመነጩት ላይ ደግሞ በሚመነጨው ፈሳሽ ውስጥ ጎልተው ይወጣሉ። ቀይ የደም ሕዋስ ግን በልደት ጊዜ እንኳ አንቲጂኖቹን የሚይዘው በደካማ መጠን ነው፤ ሙሉ ይዞታውን የሚያገኘው ሕፃኑ ጥቂት ዓመታት ካደገ በኋላ ነው።

ፅንሱ በየደረጃው የተለያየ ስኳር መልበሱ፣ ስኳሮቹ የአካል ግንባታ መሣሪያ ናቸው የሚል ግምት ማሳደሩ አልቀረም። ዳቮር ሶልተርና ባርባራ ኖውልስ በ1978 የገለጹት ኤስኤስኢኤ-1 የተባለ ሰንሰለት በአይጥ ፅንስ ላይ ስምንት ሕዋስ በሚሆንበት ደረጃ ብቅ ስለሚል፣ ሕዋሳቱ እርስ በርስ እንዲጣበቁ ያደርጋል ተብሎ ነበር። ይሁን እንጂ ሰንሰለቱን የሚሠራው ጂን የተነቀለባቸው አይጦች በጤና ተወልደዋል፤ በሰው ፅንስ ግንድ ሕዋሳት ላይ ደግሞ ይኸው ምልክት የለም፣ በምትኩ ኤስኤስኢኤ-3 እና ኤስኤስኢኤ-4 ይገኛሉ። ለሁለቱም ፍጡራን አስፈላጊ የሆነ ግንባታ እንዲህ በተለያየ ምልክት ሊከናወን የሚችል ከሆነ፣ ምልክቱ ራሱ የግንባታው ምሰሶ ነው ማለት ያስቸግራል።

የዝግመተ ለውጡ ማስረጃ ይበልጥ ግልጽ ነው። የዝንጀሮና የሪሰስ ጦጣ የደም ዓይነት የሚታወቀው ከምራቃቸውና ከሕብረ ሕዋሳቸው እንጂ ከቀይ የደም ሕዋሳቸው አይደለም፤ አንቲጂኖቹ በደም ሕዋስ ላይ በጉልህ የሚታዩት በሰውና ጭራ በሌላቸው ዘመዶቹ ላይ ነው። በ2012 የወጣ ጥናት ደግሞ የኤ እና የቢ ልዩነት በሰውና በጊቦን ዘንድ አንድ ምንጭ እንዳለውና ቢያንስ 20 ሚሊዮን ዓመታት እንደቆየ አሳይቷል። አንድ ልዩነት ይህን ያህል ዘመን በአጋጣሚ አይኖርም፤ ጠብቆ ያቆየው ኃይል መኖር አለበት፣ እሱም ከጀርሞች ጋር የሚደረገው ትግል እንደሆነ የሚያሳምኑ ምልክቶች አሉ። የጨጓራው ባክቴሪያ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ሊዊስ ቢ የተባለውን ስኳር ይይዛል፣ ብዙዎቹ የኖሮ ቫይረስ ዝርያዎችም በአንጀት ሽፋን ላይ ከኤች ጋር የተያያዙ ስኳሮችን ይሻሉ። ከዚህም በላይ ጆርጅ ስፕሪንገርና ባልደረቦቹ በ1959 እንዳሳዩት፣ ከጀርም ነፃ ሆነው ያደጉ ጫጩቶች በተለመደው አኗኗር ያደጉት የሚያመርቱትን ፀረ-ቢ አንቲቦዲ አያመርቱም፤ አንቲቦዲውን የሚቀሰቅሰው ተመሳሳይ ስኳር የተሸከመ የአንጀት ባክቴሪያ ነውና።

የጠፉ ስኳሮችም ይህንኑ ይመሰክራሉ። አልፋ-ጋል የተባለው ሰንሰለት በአሳማ፣ በላምና በደቡብ አሜሪካ ጦጣዎች ላይ ሲገኝ፣ በአፍሪካና በእስያ ጦጣዎችና በሰው ዘንድ ግን ጂኑ ከ20 እስከ 30 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በመበላሸቱ የለም፤ በዚህም ምክንያት የሰው ደም በአልፋ-ጋል ላይ ብዙ አንቲቦዲ ይዟል። ሲያሊክ አሲድ ከተባሉት ስኳሮች አንዱ የሆነው ኤን-ግላይኮሊልኒውራሚኒክ አሲድ ደግሞ ከ2 እስከ 3 ሚሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በሰው የዘር ሐረግ ጠፍቷል፣ በቺምፓንዚና በዝንጀሮ ግን አለ። በእንዲህ ያሉ ስኳሮች ላይ የተመረቱ አንቲቦዲዎች ከአሳማ የተተከለን አካል ስለሚያጠቁ፣ በጥር 2022 በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለአንድ ታካሚ የተተከለው የአሳማ ልብ ሦስት ስኳሮችን የሚሠሩ ጂኖች የተነቀሉበት ነበር፤ እነዚህ ሁለቱም በመካከላቸው ነበሩ። ሆኖም ለሰው ተብሎ ከአሳማ የተነቀለው ይህ ሲያሊክ አሲድ በዝንጀሮ ሰውነት ውስጥ ያለ በመሆኑ፣ አሳማው ሲያጣው የሚጋለጠው ገጽ ለዝንጀሮው እንግዳ ይሆንበታል፣ አንቲቦዲውም ያጠቃዋል፤ በመሆኑም ሦስቱም የተነቀሉበትን የአሳማ አካል በዝንጀሮ ላይ በመሞከር ብቻ በሰው ላይ የሚደርሰውን በትክክል መተንበይ አይቻልም።