የጎንደር ፎቅ ማቀዝቀዣና የኮላ ድባ ውሃ

ጎንደር ላይ ሆቴል ወይም ባለመስታወት የባንክ ሕንፃ ሲታቀድ የአየር ማቀዝቀዣው ምርጫ የመሐንዲሱና የባለሀብቱ ጉዳይ ብቻ ይመስላል። አይደለም፤ ኮላ ድባ ያለውንም ገበሬ ይመለከታል።

ጣሪያ ላይ የሚተከለው ኩሊንግ ታወር ሥራው እንደ እንስራ ነው። የሕንፃውን ሙቀት የተሸከመ ውሃ እየተረጨ አየር ይነፋበታል፤ ጥቂቱ ሲተን ቀሪው ይቀዘቅዛል። እንዲህ የሚሠራ ቺለር በአየር ብቻ ከሚቀዘቅዘው ያነሰ መብራት ይበላል። የመብራት ታሪፍ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ስለሆነ ባለሀብቱ ታወሩን ቢመርጥ አይፈረድበትም።

ግን ሒሳቡን እንሥራው። 350 ኪሎዋት የሚያቀዝቅዝ ሲስተም በሙሉ አቅሙ ሲሠራ በሰዓት 600 ሊትር ገደማ ያተናል። ጨው እንዳይከማች የሚደፋው ሲጨመር 800 ይደርሳል። በአሥር ሰዓት 8,000 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 400 ጀሪካን! በግማሽ አቅም ይሥራ ብንል እንኳ 200 ነው።

ይሄ ሁሉ ውሃ በፈረቃ በሚታደልባት ከተማ ነው። የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል። ለጎንደር መጠጥና ለደምቢያ መስኖ የታሰበው የመገጭ ግድብ ደግሞ ስንት ዓመት ተጓተተ። አንገረብ መገጭን ይቀላቀላል፣ መገጭም በደምቢያ አልፎ ጣና ይገባል። ፎቁና ማሳው የሚጠጡት ከአንድ ተፋሰስ ነው። ባለሀብቱ ግን የሚያየው የቧንቧ ታሪፉን ብቻ ነው፤ እጥረቱን በወረፋ የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

የሚገርመው፣ ታወር በደረቅ አየር ጎበዝ ነው፤ ስለዚህ በበጋ ለጎንደር የተፈጠረ ይመስላል። ውሃ የሚጠፋውም ያኔ ነው። በዚያ ላይ ከተማዋ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። የትኛውም ማሽን ቢመረጥ፣ ለባሕር ጠለል የተጻፈውን የካታሎግ ቁጥር ሳያስተካክሉ መግዛት ኪሳራ ነው።

እኔን ብትጠይቁኝ መጀመሪያ መስታወቱን እቀንሳለሁ። የጎንደር ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ የሚከፈት መስኮት፣ ለምዕራብ ፀሐይ ጥላ፣ ወፈር ያለ ግድግዳ (ፋሲል ግቢን ያየ ይገባዋል) የማሽኑን መጠን ያሳንሳሉ። ለቀረው ሙቀት፣ መብራቱ ቢወደድም በአየር የሚቀዘቅዘው ይሻላል። ታወር የግድ ከሆነም የግንባታ ፈቃድ ሲሰጥ የራሱ ቆጣሪ ይኑረው፣ በቀን ስንት ሊትር ከየት እንደሚቀዳም ፕላኑ ላይ ይጻፍ።