አገር ቤት ደርሶ መመለስ ያሽላል ወይስ ያብሳል?

አምና ለገና አገር ቤት ልሄድ ስል፣ የመታጠቢያ ቤቱን ሚዛን ሳሎን አውጥቼ ሻንጣ ስመዝን አነጋሁ። የተፈቀደልኝ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነበር። የአክስቴን ጫማ አወጣለሁ፣ የቫይታሚን ብልቃጥ እከታለሁ፣ እንደገና እመዝናለሁ። ልቤ ይመታል፣ መዳፌ በላብ ይረጥባል። ሦስት ዓመት የናፈቅኩት ጉዞ ሰዓታት ሲቀሩት «ምነው ቢቀርብኝ» አልኩ። ጭንቀት የቆየ ሕመሜ ነው፤ ሐኪም ያውቀዋል፣ መድኃኒትም እወስድለታለሁ።

ይህ ነገር በወዳጆቼ መካከል ሲነሳ ሁለት ምክር እሰማለሁ። አንዱ ወገን «አገርሽን አይተሽ ነይ፣ ይለቅሻል» ይላል። ሌላው «መንገዱም ዘመዱም ይብስብሻል፤ ሲሻልሽ ትሄጃለሽ» ይላል። የማወራው ወዶ ስለሚጓዝ ሰው ነው። ለሥራ ዓረብ አገር ስለምትሄደው እህት የሚነገረው ሌላ ነው፣ የከበደም ነው።

«ይብስብሻል» የሚሉትን ላስቀድም። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያለው የቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ በገና ሰሞን የሁለቱ ከተሞች ልዩነት 8 ሰዓት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ እማዬ ቤት ዓይኔ ፈጥጦ የውሻ ጩኸት ሳዳምጥ፣ ሰውነቴ ገና ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። በምሥራቅ አቅጣጫ ሲበሩ ደግሞ ሰውነት ሳይደክመው ተኛ ስለሚባል መላመዱ ይበልጥ ይከብደዋል። እ.ኤ.አ. በ1982 የታተመ አንድ ጥናት ከለንደኑ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ለአእምሮ ሕክምና የተወሰዱ መንገደኞችን ተመልክቶ ነበር፤ ወደ ምዕራብ በበረሩት ላይ ድብርት፣ ወደ ምሥራቅ በበረሩት ላይ ደግሞ ከልክ ያለፈ መነቃቃት በዝቶ ታይቷል። እነዚያ ሕሙማን ናቸው፤ መንገደኛ ሁሉ እንዲህ ይሆናል ማለት አይደለም። ለእንደኔ ዓይነቱ ግን ቀላል ነገር አይደለም።

እንቅልፍ ባጣ ሰው ላይ ቡናው ይጨመራል። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው፣ ያውም በየገባሁበት ቤት። ካፌይን ጭንቀትን እንደሚያባብስ አውቃለሁ፤ ግን ለእኔ ተብሎ የተፈላን ቡና ጥዬ እንዴት ልነሳ?

ከሁሉ የሚከፋው መድኃኒትን መደበቅ ነው። በመጀመሪያ ጉዞዬ «የምን ኪኒን ነው?» እንዳልባል በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣ ሥር ከተትኩት፤ ቤቱ በሰው ሲሞላ ጭራሽ ተውኩት። በስድስተኛው ቀን መርካቶ መሃል ዞረብኝ፣ ልቤ ሊቆም የደረሰ መሰለኝ። አንዳንድ የጭንቀት መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ራስ እንደሚያዞር፣ እንቅልፍ እንደሚነሳ፣ ጭንቀቱንም እንደሚመልስ ያወቅሁት ኋላ ነው። ያኔ ግን «አገሬ አልተስማማኝም» ብዬ አልቅሻለሁ።

ሆኖም በዚያው ጉዞ የሆነልኝንም ልናገር። አባቴ ሲሞት አልደረስኩም። ቨርጂኒያ አፓርታማዬ ውስጥ ብቻዬን አልቅሼ በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግቢያችን በር ላይ ስደርስ ሴቶቹ እንደ አዲስ አለቀሱ። አንዲት ጎረቤታችን የአባቴን ጋቢ ከቤት አምጥታ ትከሻዬ ላይ ጣለችልኝ። የእሱ ጠረን ነበረው። መሬት ተቀምጬ፣ ሰው ደግፎኝ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። ሁለት ዓመት ደረቴን አንቆ የያዘው ነገር ያን ቀን ላላ። ሐኪሜን አከብራለሁ፣ ብዙ ረድቶኛል፤ ይህን ግን ሊሰጠኝ አይችልም ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2010 በ1,530 ሆላንዳውያን ላይ የተሠራ ጥናት ለዕረፍት የሚሄዱ ሰዎች ከጉዞው በፊት ከሌላው ይልቅ ደስተኛ መሆናቸውን፣ ከተመለሱ በኋላ ግን እጅግ ዘና ብለው ከከረሙት በቀር ካልሄዱት እንደማይለዩ አሳይቷል። «ይለቅሻል» ለሚሉት ይህ ደካማ ምስክር ነው። እኔ ግን አገር ቤት መሄድን ከሽርሽር አልቆጥረውም፤ ያልተለቀሰ ሐዘን ያለበት ሰው የሚሄደው ለመዝናናት አይደለም።

«ሲሻልሽ ትሄጃለሽ» የሚለውም ምክር አንድ ነገር ይስታል። የሚፈሩትን መሸሽ ለጊዜው ያሳርፋል፣ ፍርሃቱን ግን ያሰነብተዋል። ሐኪሞች የሚፈራውን ነገር ቀስ በቀስ የሚያጋፍጡን ለዚህ ነው። እርግጥ 13 ሰዓት በርሮ ግቢ ሙሉ ዘመድ መሃል መውረድ ቀስ በቀስ አይባልም። መድኃኒቱ ገና የተቀየረለት፣ ወይም ራሱን የማጥፋት ሐሳብ የሚመላለስበት ሰው ቢቆይ ይሻላል፤ እዚህ ላይ «ቆይ» ከሚሉት ጋር ነኝ። ለሌሎቻችን ግን መሄዱ ይበልጥብኛል፤ ኪኒኑ በእጅ ቦርሳ ተይዞ፣ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ለቤት ሰው ብቻ ተትተው፣ ነገሩን የሚያውቅ አንድ ሰው ኖሮ።

አምና ያ ሰው እማዬ ሆነች። ኪኒኑን አይታ «የደም ግፊት ነው?» አለችኝ። «የጭንቀት ነው» አልኳት። ረጅም ዝም አለች። በማግስቱ ጠዋት ኪኒኑንና አንድ ብርጭቆ ውሃ ራሷ ይዛልኝ መጣች። ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ቶናው ሲቀዳ፣ እጇን ሲኒዬ ላይ ጋርዳ «ለእሷ አቦሉ ይበቃታል» አለች።