ስለ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ደንብ

ከጣራ ገዳም በታች፣ ርብና ጉማራ የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ፣ ሩዝ በ1970ዎቹ ዓመታት ከገባበት ወዲህ ውሃው በረከት ሆኖለታል። ነገር ግን ደንብ የሌለው መፈልፈያ ቤት በረከቱን ያጠፋዋል። እርጥበቱ ወደ ከመቶ 14 ሳይወርድ የተፈለፈለ ሩዝ ይደቅቃልና፤ ያን ጊዜ ገበሬው «ተሰረቅሁ» ይላል፤ ባለመኪናውም «ያልደረቀ አመጣህ» ይላል። የተጻፈ ነገር ከሌለ ዳኛ በምን ይፈርዳል?

ስለዚህ የወረታ ባለመኪናዎች የመፈልፈያውን ዋጋ፣ ፉርሽካው የማን እንደሆነ፣ ሚዛኑ መቼ እንደሚመረመር፣ ለተሰበረውም ማን እንደሚከፍል ጽፈው በደጃቸው ይለጥፉ፤ ለተረከቡትም ሁሉ ደረሰኝ ይስጡ። ሹምም ዋጋ ከመቁረጥ ይልቅ ባለቤቱ ራሱ የጻፈውን ማስጠበቅ ይገባዋል። የሹም ትእዛዝ ሹሙ ሲሻር ይሻራል፤ በደጃፍ የተለጠፈ ቃል ግን ባለቤቱን ያስረዋል።