የዛገ የጋዝ ግሪል ይጠገን ወይስ ይቀየር?

አራዳና ፒያሳ ውስጥ ጥብስ የሚሸጥ ሁሉ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ግሪሉ ሲዝግ ባለቤቱ ቶሎ «አዲስ ይገዛ» ይላል። በበኩሌ «ዝገቱ የቱ ላይ ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ሂሳቡን እንየው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በ28,500 ብር ይገባ የነበረ የ500 ዶላር ዕቃ ከ50,000 ብር በላይ ሆነ፤ ያውም ቀረጡና ማጓጓዣው ሳይታከል። በያጁ ግን ሂሳቡን በዶላር አይጠይቅም።

ስለዚህ ክዳኑና እግሩ ከዛገ ይፋቅ፣ ይበየድ። (እሳት የሚነካው ቦታ ላይ ቀለም አይቀባ፤ ጥብሱ ቀለም ቀለም ይሸታል።) እሳት የሚወጣበት ቱቦ ከተበሳ ቱቦው ብቻ ይለወጥ። ቱቦውን የተሸከመው ሣጥን ከተበላ ግን ግሪሉ በኪሎ ይሸጥ።

ጎማና ሬጉሌተር ላይ ቁጠባ የለም፤ ካረጁ በአዲስ ይተኩ። በ2016 የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ስንቱ ዕቃውን በጥድፊያ ጭኖ ሌላ ሰፈር ገባ! መንገድ ያንገላታው መጋጠሚያ ከዝገቱ ይልቅ ያሰጋኛል። እሳት ሳይለኩሱ ጋዙን ከፍቶ መጋጠሚያውን የሳሙና ውኃ መቀባት ነው፤ አረፋ ከነፋ ጋዝ ያፈስሳል፤ የዚያን ቀን ጥብስ ይቅር።