ስድስት ሲሊንደር በስም፣ ቱርቦ በዳገት

አንድ ቅንጡ የቤት መኪና ለገበያ ሲቀርብ ደላላው ከሞዴሉና ከቀለሙ ቀጥሎ የሚጠራው የሲሊንደሩን ቁጥር ነው። “ስድስት ነው” ሲባል ገዢው ጆሮውን ያቆማል። “አራት ነው፣ ግን ቱርቦ አለው” ሲባል ደግሞ ዋጋ ለመስበር ይዘጋጃል። በዝቅተኛ ቦታ ለሚነዳ ሰው ይህ ልማድ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ከአዲስ አበባ ተነስቶ ደብረ ብርሃን፣ ከዚያም አንኮበር ለሚመላለስ ነጋዴ ግን ለስም የሚከፈል ገንዘብ ነው።

ለውጡ የመጣው ከአምራቾቹ ነው። ቢ ኤም ደብልዩ በስድስት ሲሊንደር ሞተሩ ስሙን የተከለ ኩባንያ ነው። ይሁን እንጂ ለአሜሪካ ገበያ ባቀረበው የ2012 (እ.ኤ.አ.) 328 አይ ሞዴል ላይ ባለ 3 ሊትሩን ስድስት ሲሊንደር አውጥቶ ባለ 2 ሊትር፣ አራት ሲሊንደር ቱርቦ ተካበት። የቀድሞው 230 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ትንሹ 240 ይዞ መጣ። አሮጌው ሞተር ጉልበቱን ለማውጣት በብዙ ዙር መሽከርከር ሲኖርበት፣ አዲሱ የመጎተት አቅሙን የሚሰጠው ገና በዝቅተኛ ዙር ነው። ምክንያቱ የነዳጅ ፍጆታና የጭስ ልቀት ሕግ መጥበቁ ሲሆን ሌሎች አምራቾችም በዚያው መንገድ ሄደዋል።

ድምፁ ቀርቷል፣ ልስላሴው ቀንሷል የሚለው የወዳጆቹ ቅሬታ እውነት አለው። ነገር ግን ሰሜን ሸዋ ላይ ሒሳቡ ሌላ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ወደ ደብረ ሲና የሚያወርደው ጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በደብረ ብርሃን ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚስበው ያገኘውን አየር ብቻ ስለሆነ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይወርዳል። በመጽሐፍ 230 የተባለው ስድስት ሲሊንደር ደብረ ብርሃን ሲደርስ ወደ 170 ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ቱርቦው ግን የሳሳውን አየር አፍኖ ስለሚያስገባ አቅሙ እስከፈቀደለት ድረስ አብዛኛውን ጉልበት ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ከሸዋ ሮቢት ተነስቶ ጣርማ በርን የሚወጣ ሰው በዳገቱ ላይ ከስድስቱ ይልቅ አራቱን ቢመርጥ አልተሳሳተም።

ሁለተኛው ጉዳይ ግብር ነው። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 307/1995 መሠረት የቤት መኪና እስከ 1,300 ሲሲ 30 በመቶ፣ ከ1,301 እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ ይከፍል ነበር። ብዙ ገዢ “ሞተሩ ትንሽ ስለሆነ ግብሩም አነስተኛ ነበር” ሲባል አምኖ ይቀበላል። ባለ 2 ሊትሩ ቱርቦ 1,997 ሲሲ ነው፤ በዚያ ሕግ ፊት ከ3 ሊትሩ ጋር እኩል 100 በመቶ ይቆጠር ነበር። በግብሩ የተጠቀመው እንደ 316 አይ ያለው 1,598 ሲሲ፣ ወይም እንደ መርሴዲስ ሲ 180 ያለው 1,595 ሲሲ ቱርቦ ብቻ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ደግሞ የመኪናውን ዕድሜ ጨምሮበት ለአሮጌዎቹ ታክሱን እስከ 500 በመቶ አደረሰው። እንግዲህ ሻጭ “በግብር የረከሰ ነው” ወይም “ግብሩ ውድ ነበር” ሲል ገዢው ሊብሬውን ገልጦ ሲሲውን ያንብብ። ሲሊንደር መቁጠር ግብሩን አይነግርም።

የቱርቦ መኪና ነቀፌታ የለውም ማለት ግን አይደለም። ተርባይኑ በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ስለሚሽከረከር ሕይወቱ ዘይት ነው። ዘይት አቆይቶ የሚቀይር፣ ወይም ዳገት ጨርሶ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ባለቤት የነበረው መኪና በርካሽ ተገዝቶ በውድ ይጠገናል። አየሩ መሳሳቱ ቱርቦ ለሌለው ሞተር የቤንዚኑን ደካማነት ያቻችልለታል፤ ቱርቦው ግን የአየሩን ግፊት መልሶ ስለሚያነሳ አምራቹ ያዘዘውን ኦክቴን ይፈልጋል። ቁልቁለት ላይም ልዩነት አለ። ትንሽ ሞተር በማርሽ የመያዝ ኃይሉ ከትልቁ ያነሰ በመሆኑ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ሲወረድ ፍሬኑ ይበልጥ ይሞቃል። የዚያ የ2 ሊትር ሞተር የጊዜ ሰንሰለት መሪ ፕላስቲክም በአሜሪካ የደንበኞች ክስ አስነስቶ በስምምነት መቋጨቱ መዘንጋት የለበትም።

ታዲያ እነዚህ ሁሉ የሚያመለክቱት ወደ አንድ ነገር ነው። የመኪናው ዋጋ መተመን ያለበት በአያያዙ እንጂ በሲሊንደሩ አይደለም። ሻጭ የዘይት ለውጥ መዝገብ ያቅርብ። ገዢ መካኒኩን ይዞ ሞተሩ ከማለዳ ቅዝቃዜ ሲነሳ የሰንሰለቱን ድምፅ ያዳምጥ፤ በጭስ ማውጫው ሰማያዊ ጭስ መኖር አለመኖሩን ይይ። ሁለቱንም ካለፈ፣ “አራት ነው” ተብሎ ዋጋው የተሰበረው ቱርቦ ለደጋ ነጋዴ ርካሽ ግዢ ነው።

ጉዳዩ ዛሬ ከቀድሞው ይበልጥ ከብዷል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የብር ምንዛሪ ለገበያ በመለቀቁ የመለዋወጫ ዋጋ በብር ሲታሰብ አሻቅቧል። ስለዚህ በገበያ ያለው ቅንጡ የቤንዚን መኪና ከእጅ ወደ እጅ ከሚዘዋወረው የቀድሞ ክምችት ነው። የተበላሸውን ጥሎ አዲስ ማስመጣት ቀላል በነበረበት ዘመን በስም መግዛት ኪሳራው የሚታገሡት ነበር። አሁን ግን የተሳሳተ ገዢ ስህተቱን ይዞ ይቆያል።

ከፍታ የማይበግረው የኤሌክትሪክ መኪና ተራውን እስኪይዝ ድረስ ነጋዴው ባለው ላይ መነገዱ አይቀርም። “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” እንደሚባለው፣ በመጽሐፍ ላይ ያለ የፈረስ ጉልበት ደብረ ብርሃን ሲደርስ ካልተገኘ ምን ይጠቅማል? ደላላውም የሲሊንደሩን ቁጥር ከመጥራቱ በፊት የጥገና መዝገቡን ቢያቀርብ ሻጩም ገዢውም ይተማመኑበታል። ደንበኛ ተመልሶ የሚመጣው በዚህ ነው።